የጊታሬን ፍሬትቦርድ በየትኛው እንጨት ላስቀይር? ሮዝውድ፣ ኤቦኒ፣ ሜፕል ወይስ ወይራ?

ባለ ስድስት ክር (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከ11 ዓመት በፊት የገዛሁት ኤሌክትሪክ ጊታር አለኝ። ሲሸጥልኝ ፍሬትቦርዱ (አንገቱ ላይ የተለጠፈው፣ ጣት ክሩን የሚጫንበት ጣውላ) ኤቦኒ ነው ተብሎ ነበር፤ እንደ ከሰል የጠቆረ ስለነበር አመንኩ። ዘንድሮ ጥር ላይ ከመጀመሪያው ፍሬት (እንጨቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) እስከ አራተኛው ድረስ ተሰነጠቀ። የፍሬቶቹ ጫፍ ከእንጨቱ አልፎ ስለወጣ እጄን በአንገቱ ላይ ሳንሸራትት ይቧጭረኛል። ጣቶቼ አዘውትረው የሚያርፉባቸው ቦታዎች ጎድጉደዋል፤ ጥቁሩም እየለቀቀ ከሥሩ ፈዛዛ ቡናማ እንጨት ብቅ ብሏል።

ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። አገላብጦ ካየው በኋላ፣ በአልኮል የተነከረ ነጭ ጨርቅ ጥግ ላይ አሸት አደረገበት፤ ጨርቁ ጠቆረ። ቀለም የጠጣ ለስላሳ እንጨት መሆኑን፣ ስንጥቁ ቢሞላም በሚቀጥለው በጋ ሌላ ቦታ ላይ እንደሚከፈት ነገረኝ። የሚበጀው አሮጌውን አንስቶ አዲስ መለጠፍ ነው አለ። የእንጨቱን ምርጫ ግን ለእኔ ተወው።

በእጄ ያለው ምርጫ እንዲህ ነው። አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ የህንድ ሮዝውድ ወይም ኤቦኒ ጣውላ ሊልክልኝ ፈቃደኛ ነው። ጠጋኙ ዘንድ ሜፕል አለ። አጎቴ ደግሞ ገጠር ካለው ቤታቸው ያመጣው የወይራ ጣውላ አለው። የምጫወተው በአብዛኛው ትዝታና አምባሰል ነው፤ ክሩን ገፍቼ ድምፁን ማንሳት፣ ከፍሬት ወደ ፍሬት መንሸራተት እወዳለሁ። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጡ ነበር?

የወሎ ክራር (ደሴ)

ወንድሜ፣ ያለ ማመንታት ኤቦኒ። ኤቦኒ ፍሬትቦርድ ባለው ክላሲካል ጊታር ስድስት ዓመት ተጫውቻለሁ። ጣት ሲሄድበት የሚይዘው ነገር የለም፤ የእንጨቱ ቀዳዳዎች በጣም ደቃቅ ስለሆኑ እንደ ተወለወለ ድንጋይ ነው። የቫዮሊንና የቼሎ ሠሪዎች የያዙት በምክንያት ነው፤ እነዚያ መሣሪያዎች ፍሬት ስለሌላቸው ክሩ በቀጥታ እንጨቱን ይፈገፍጋል፣ ለስላሳ እንጨት ደግሞ ያንን አይችልም።

ድምፁም ሌላ ነው። ኤቦኒ ላይ ኖታው ጥርት ብሎ ይነሳል። ሮዝውድ ሞቅና ለስለስ ይላል። ሜፕል ደግሞ ደረቅና የሚወጋ ነው። አምባሰል ስትጫወት እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ መሰማት አለበት።

ቤዝ ያዥዋ (አዲስ አበባ)

ስለ ጣት ስሜት በተናገርከው እስማማለሁ፤ ስለ ድምፁ ግን አልስማማም። ፍሬት ያለው ጊታር ላይ ክሩ ተጭኖ የሚቆመው ብረቱ ላይ ነው። እንጨቱ ከብረቱ ሥር ነው ያለው። አንተ ያነሳኸው የቫዮሊን ምሳሌ ልክ የሚሆነው ፍሬት ለሌለው ቤዝ ጊታር ነው፤ እዚያ ላይ ልዩነቱን በጆሮዬም በጣቴም አውቀዋለሁ።

ለብዙ ዓመት እኔም እንዳንተ አምን ነበር። ሁለት ቤዝ አሉኝ፣ አንዱ ሜፕል አንዱ ሮዝውድ፤ ሜፕሉ ይጮሃል እያልኩ ለቀረጻ ሁልጊዜ ሮዝውዱን እይዝ ነበር። አንድ ቀን በሁለቱም ላይ ከአንድ ፓኬት ዓይነት አዲስ ክር አስገባሁ፣ የክሩንም ከፍታ በሚሊሜትር አስተካከልኩ። ቀርጬ ዓይኔን ጨፍኜ ሳዳምጥ የቱ የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ያ "የሜፕል ጩኸት" የአዲስ ክር ጩኸት ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጀርባና ጎናቸው በስድስት የተለያዩ እንጨቶች የተሠሩ አኩስቲክ ጊታሮችን 52 ጊታር ተጫዋቾች ሳያዩአቸው እንዲጫወቱባቸው አድርገው ነበር። ውድ የሆነውን የብራዚል ሮዝውድ ከርካሹ እንጨት አስበልጦ የለየ አልተገኘም ማለት ይቻላል።

የወሎ ክራር (ደሴ)

እህቴ፣ ያ ጥናት ስለ ጀርባና ጎን ነው፤ ስለ ፍሬትቦርድ አይደለም። በአንገቱ ላይ የሚሆነው የተለየ ነው። አንዳንድ ጊታር ላይ አንድ ቦታ ሲነካ ድምፁ ከሌሎቹ ቀድሞ ይሞታል። ያ የሚሆነው አንገቱ በዚያ ኖታ ፍጥነት አብሮ ስለሚንቀጠቀጥና የክሩን ጉልበት ስለሚወስድ ነው። ፍሬትቦርዱ የአንገቱ አካል ነው፤ ግትር ከሆነ አንገቱን ግትር ያደርገዋል።

ቤዝ ያዥዋ (አዲስ አበባ)

ይህን እቀበላለሁ። ግትርነቱ የእያንዳንዱ ጣውላ ጉዳይ ስለሆነ ግን በስሙ ብቻ አይፈረድም። ሁለት ሮዝውድ ጣውላዎች እርስ በርሳቸው ከሮዝውድና ከኤቦኒ በላይ ሊለያዩ ይችላሉ። ጣውላውን በሁለት ጣት አንጠልጥሎ በሌላው እጅ የጣት አንጓ አንኳኩቶ መስማት ከስሙ የበለጠ ይነግራል፤ አንዳንዱ ይደውላል፣ አንዳንዱ እንደ ካርቶን ጥፍት ይላል።

ደን አስተማሪ (ባሕር ዳር)

ድምፁን ለባለሙያዎቹ ልተውና ስለ ስሞቹ ላንሳ፤ ብዙ ሰው ሲሳሳት ስለማይ ነው።

ኤቦኒን ብዙዎች "ጥቁር እንጨት" ይሉታል። በእኛ አገር ጥቁር እንጨት የሚባለው ግን ሌላ ዛፍ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ፕሩነስ አፍሪካና ሲሆን ከኮክና ከፕሪም ጋር ይዛመዳል፣ እንጨቱም ቀያማ ቡናማ ነው። ኤቦኒን የድሮ መጻሕፍት ዞጲ ይሉታል፤ ሕዝቅኤል ስለ ጢሮስ ንግድ ሲናገር ከዝሆን ጥርስ ጋር የሚጠራው እሱን ነው። ዛሬ ለጊታር የሚውለው አብዛኛው ዞጲ ከካሜሩንና ከአካባቢው ደኖች የሚመጣ ዲዮስፒሮስ ክራሲፍሎራ ነው።

ሮዝውድ ደግሞ አንድ ዛፍ ሳይሆን የዳልበርጊያ ወገን ነው። ስሙን ያገኘው ሲሰነጠቅ ከሚሰጠው መልካም ሽታ ነው። ከዚህ ወገን አንዱ፣ ዳልበርጊያ ሜላኖክሲሎን፣ በእኛው ሰሜንና ምዕራብ ቆላ ውስጥ ይበቅላል። ልቡ ጥቁር ነው፤ ውሃ ላይ ቢጥሉት ይሰጥማል፤ ክላርኔትና ኦቦ የሚሠራው በእሱ ነው። ለፍሬትቦርድም ተስማሚ ነው። ነገር ግን እባካችሁ ይህን አንብባችሁ ዛፉን ፍለጋ አትውጡ። እጅግ በዝግታ ያድጋል፤ አንድ ጊታር ለመሥራት የሚሆን ውፍረት ላይ እስኪደርስ የብዙ አሥርት ዓመታት ዕድሜ ይፈልጋል።

ለማነጻጸሪያ የጥንካሬ ቁጥር ልስጥ። ጃንካ የሚባለው መለኪያ 11.28 ሚሊሜትር ስፋት ያላት የብረት ኳስ እስከ ግማሿ እንጨቱ ውስጥ እንድትገባ የሚያስፈልገውን ኃይል ይለካል። በፓውንድ ሲቆጠር ጠንካራው የአሜሪካ ሜፕል 1,450፣ የህንድ ሮዝውድ 2,440፣ የመካከለኛው አፍሪካ ኤቦኒ 3,080፣ ሜላኖክሲሎን 3,670 ነው። የእኛ ወይራ የቅርብ ዘመድ የሆነው የሜዲትራኒያን ወይራ 2,700 ይደርሳል። ጥንካሬ ብቻ ከሆነ ጥያቄው፣ ወይራ ከሮዝውድ በላይ ነው።

ሜሪላንድ ነዋሪ (ሜሪላንድ)

የአክስትህ ልጅ ጣውላ ከመላኩ በፊት ይህን ይወቅ። የብራዚል ሮዝውድ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የእንስሳትና የዕፅዋት ንግድ ስምምነት፣ ማለትም በሳይተስ፣ ከፍተኛው የጥበቃ ዝርዝር ውስጥ ነው። በ2017 መጀመሪያ ላይ ደግሞ መላው የዳልበርጊያ ወገን ወደ ሁለተኛው ዝርዝር ገባ። በዚያን ጊዜ ጊታር የሚሸጡ ሰዎች ምን ያህል እንደተጨነቁ አስታውሳለሁ፤ ሮዝውድ ፍሬትቦርድ ያለው አንድ ተራ ጊታር ወደ ውጭ ለመሸጥ የፈቃድ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። አምራቾች ሌላ እንጨት መፈለግ የጀመሩት ያኔ ነው፤ ፌንደር የሚባለው የጊታር ኩባንያ ሜክሲኮ በሚሠራቸው ጊታሮች ላይ ፓው ፌሮ የሚባለውን የደቡብ አሜሪካ እንጨት ማድረግ ጀመረ። በ2019 መጨረሻ ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከዚህ ነፃ ሆኑ። የብራዚሉ ግን አሁንም እንደ ተከለከለ ነው።

ነፃ የሆነው ያለቀው መሣሪያ መሆኑን ልብ በል። ያልተቀረጸ የሮዝውድ ጣውላ በፖስታ መላክ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወረቀት ሊጠየቅበት ይችላል።

ኤቦኒም የራሱ ታሪክ አለው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2011 ቴነሲ ውስጥ ያሉትን የጊብሰን ጊታር ፋብሪካዎች ፈትሾ እንጨት ወስዷል፤ የመጀመሪያው በማዳጋስካር ኤቦኒ ምክንያት ነበር። ኩባንያው በ2012 የ300,000 ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቶ ጉዳዩ ተዘጋ። ሌላው ጊታር አምራች ቴይለር ደግሞ በ2011 ከአንድ የስፔን ድርጅት ጋር ሆኖ ካሜሩን ውስጥ የኤቦኒ መሰንጠቂያ ገዛ። እዚያ ሲደርሱ ያገኙት ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ እንጨት ቆራጮች ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ አንድ ዛፍ ለማግኘት እስከ አሥር የሚደርሱ ይቆርጡ ነበር። ልባቸው ዥንጉርጉር ሆኖ የተገኘው መሬት ላይ ይቀር ነበር፣ ገዢ ጥቁር ካልሆነ አልገዛም ስለሚል ብቻ። ከዚያ በኋላ ቴይለር ዥንጉርጉሩንም ጊታሮቹ ላይ ማድረግ ጀመረ። እኔ አንድ አለኝ። ቡናማ መስመር አለው፤ ከጥቁሩ ያነሰበት ነገር አላገኘሁበትም።

ከባሕረ ሰላጤው (ዱባይ)

ስለ ሜፕል አያያዝ ማንም ስላላነሳ ልጨምር። ሆቴል ውስጥ በሳምንት አምስት ምሽት እጫወታለሁ፤ ውጭ ሙቀት፣ ውስጥ ማቀዝቀዣ፣ እጄም ያልበኛል። ሜፕል በላኬር (በቫርኒሽ) ካልተሸፈነ ላብና ቆሻሻ ጠጥቶ ግራጫ ይሆናል፤ ከተሸፈነ ደግሞ ላኬሩ ላብ ባለው ጣት ላይ ይጣበቃል። የፌንደር ጊታሮች እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ አንገታቸውም ፍሬትቦርዳቸውም አንድ ሜፕል ነበር። ላኬሩ ሲላጥ የተጎሳቆለ ስለሚመስል ነው ይባላል፣ ከ1958ቱ ጃዝማስተር ሞዴል ጀምሮ ሮዝውድ መለጠፍ ጀመሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ስትራቶካስተርና ቴሌካስተርም ተከተሉ። እኔ ሮዝውድ ላይ ነኝ፤ አልቀየርም።

መላጊያ (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ጊታር አልጫወትም። አርባ ዓመት አናጢ ነኝ፤ የልጅ ልጄ ይህን ጽሑፍ አንብባልኝ ስለ ወይራ አንድ ነገር ካልተናገርኩ አልተኛም ብዬ ነው።

ወይራ የሚያኮራ እንጨት ነው። ሲላግ የሚያወጣው ሽታ የጋን ጢስ ያስታውሰኛል፤ እናቶቻችን ጋንና የወተት ዕቃ የሚያጥኑት በከንቱ አይደለም። ዱላ ብታደርገው ዕድሜህን ያገለግልሃል። ነገር ግን ወይራ ቁጡ ነው። ግንዱ ይጠማዘዛል፣ ሐረጉ እየተቆላለፈ ይሄዳል፤ ቀጥ ያለ ግማሽ ሜትር ማግኘት ራሱ ከባድ ነው። ሳይደርቅ ከተላገ በወር ውስጥ እንደ ቀንድ ይጣመማል። ሰዎች ወይራ ላይ የሚፈርዱት በዚህ ነው፤ ጥፋቱ ግን የቸኮለው ሰው ነው።

አጎትህ ያመጣው ጣውላ መቼ ተቆረጠ? ጣሪያ ሥር ነው የቆየው ወይስ መሬት ላይ? ይህን ጠይቅ። ቀጥሎ ጫፉን ተመልከት። የዕድሜ ቀለበቶቹ በጫፉ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው ከታዩ፣ ጣውላው የተሰነጠቀው ከልቡ ወደ ልጡ አቅጣጫ ስለሆነ በስፋቱ ብዙ አይንቀሳቀስም። ቀለበቶቹ እንደ ቀስተ ደመና ጎብጠው ከታዩ ግን ለሌላ ሥራ አድርገው፤ ለአንገት አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር። ወይራ ቅባት አለው። ኮላ ከመቀባቱ ጥቂት ደቂቃ በፊት በአሴቶን ይጠረግ፤ አለበለዚያ ከዓመት በኋላ ይለቃል።

ባለ ስድስት ክር (አዲስ አበባ)

አባባ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አጎቴን ጠየቅኩት። ዛፉ ለመንገድ ሲባል የተቆረጠው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው፤ ጣውላው የቆየው የእህል ጎተራ ቆጥ ላይ ነው። ሁለት ቁራጭ አለ። ጫፋቸውን አየሁ፤ አንዱ እርስዎ እንዳሉት ቀጥ ያለ ነው፣ ሌላው በከፊል ይጎብጣል።

የአክስቴን ልጅ እንዳይልክ ነገርኩት።

መላጊያ (አዲስ አበባ)

ዘጠኝ ዓመት ቆጥ ላይ መልካም ነው። አሁን ሁለቱንም ወደ ሚፈለገው ልክ ቅርብ አድርገህ አስልጋቸው፤ ስምንት ሚሊሜትር ውፍረት ይቅርላቸው። ጊታሩ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ በሁለት ቀጫጭን እንጨት ላይ አጋድማቸው፤ አየር ከላይም ከታችም ይግባቸው። ሦስት ሳምንት አትንካቸው። እንጨት ሲላግ በውስጡ ታምቆ የነበረው ውጥረት ይለቃል፤ ሊጣመም ካሰበ ያን ጊዜ ይጣመማል። አንገት ላይ ከተለጠፈ በኋላ ቢጣመም ግን አንገቱንም ይዞት ይሄዳል።

ቤዝ ያዥዋ (አዲስ አበባ)

ይህ ምክር ወርቅ ነው። እኔ የምጨምረው ጠጋኝህ ፍሬቶቹን ሲያስቀምጥ ከአሮጌው ሰሌዳ ላይ ገልብጦ እንዳይቀዳ ነው፤ አሮጌው ስህተት ካለበት ስህተቱንም ይቀዳል። ከነቱ (ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ ከሚያርፉበት ቁራጭ) እስከ ድልድዩ (በአካሉ ላይ እስከሚያርፉበት) ያለውን ርዝመት ይለካና በ17.817 ያካፍል። ጊታርህ 648 ሚሊሜትር ከሆነ የመጀመሪያው ፍሬት ከነቱ 36.4 ሚሊሜትር ላይ ይውላል። ከቀረው ርዝመት ላይ ደግሞ እንደገና በዚያው ቁጥር እያካፈለ ይቀጥላል። ስሌቱ ልክ መሆኑን ለማወቅ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት በትክክል ግማሹ ላይ፣ 324 ላይ ማረፍ አለበት። በተለይ በላይኞቹ ፍሬቶች ላይ ግማሽ ሚሊሜትር መሳሳት በጆሮ ሊሰማ ይችላል።

ፍሬቱንም ከፍ ያለ ምረጥ። ክር የምትገፋ ከሆነ ከፍ ባለ ፍሬት ላይ ጣትህ እንጨቱን የሚነካው በጭላንጭል ነው፤ ወይራው ይያዝህ ይልቀቅህ የሚያሳስብህ ያኔ ይቀንሳል።

የወሎ ክራር (ደሴ)

ልክ ነሽ፣ ይህን ከማሲንቆ አውቀዋለሁ። አባቴ ማሲንቆ ሲጫወቱ ጣታቸው ክሩን እንጂ እንጨቱን አይነካም፤ ክሩ አየር ላይ ነው የሚያዘው። ያ ሁሉ መለመጥና ማልቀስ የሚወጣው ከእንጨት ጋር ሳይታገሉ ነው። ስለ ኤቦኒ የተናገርኩትን አልለውጥም፤ ለክላሲካል ጊታር አሁንም እሱን እመርጣለሁ። ለዚህ ጊታር ግን ወይራውን ሞክረው ባይ ነኝ።

ሜሪላንድ ነዋሪ (ሜሪላንድ)

ለጥገናው አንድ ቃል። ወይራው በላኬር አይሸፈን፤ እንደ ሮዝውድ ክፍት ይሁን። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክር ስትቀይር፣ ጥቂት የማዕድን ዘይት በጨርቅ ቀብተህ ወዲያው አድርቀው። የምግብ ዘይት እንዳትነካ፤ ይበላሻል። እዚህ በክረምት የቤት ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቅ ጊታሬን የማስቀምጠው በሳጥኑ ውስጥ ከእርጥበት መለኪያ ጋር ነው። አምራቾች የሚመክሩት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከጥቅምት ጀምሮ ሳጥኑ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ ቀዳዳ ባለው የሳሙና ዕቃ አድርገህ ብታስቀምጥ፣ የፍሬት ጫፍ እንደገና አይቧጭርህም።

ባለ ስድስት ክር (አዲስ አበባ)

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ።

ሁለቱን ቁራጮች እንደተባልኩት አስላግቼ መደርደሪያዬ ላይ አጋደምኳቸው። ትናንት ማታ የብረት ማስመሪያ ጎናቸው ላይ አቁሜ ከኋላ መብራት አበራሁ። ቀለበቱ የሚጎብጠው ቁራጭ መሃሉ ላይ ብርሃን ያሳልፋል፤ አንዱ ጫፉም ወደ ጎን ዘምሟል፤ አንድ ሚሊሜትር ይሆናል። ሌላው ላይ ብርሃን አላለፈም። ገልብጬ፣ አዙሬ፣ በአራቱም በኩል ሞከርኩት።

ዛሬ ጠዋት ቀጥ ያለውን ይዤ ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አንኳኳው፤ ደወለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና እንደገና አንኳኳው። አሮጌውን ሰሌዳ በካውያ እያሞቀ በቀጭን ቢላዋ አነሳው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀበት። ከሥሩ ያለው አንገት ጤነኛ ነው፤ በውስጡ ያለው የብረት ዘንግም አልዛገም። ርዝመቱን አብረን ለካን፣ 648 ነው። አሥራ ሁለተኛውን መስመር በእርሳስ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። መጋዙን ነገ ያሳርፍበታል።

አባባ፣ ሲላግ የወጣውን ፍቅፋቂ ሰብስቤ አስቀምጬልዎታለሁ። አድራሻዎን በግል መልእክት ቢልኩልኝ አመጣልዎታለሁ።